ባዶ ረድፍ

ሽምብጥ፣ ከውኃው አፍ ላይ፣ የዓሣ ማኅበሩ ቢሮ፣
አንድ ሚዛን፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ማጠፊያው በሲባጎ ታስሮ።
ቀን የሰው ዓሣ እመዝናለሁ፤
ማታ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ፊደል እቆጥራለሁ።

«ፓይተን ማለት ዘንዶ ነው» አለኝ ቢያድግልኝ፣ የፖሊው ተማሪ፤
እኔ የማውቀው ጉማሬን ነው፣ መረብ ቀዳጅ፣ ታንኳ ሰባሪ።

የመጀመሪያ አስተማሪዬ ሁለት ነጥብ ነበረች፤
አባቴ እዚሁ መዝገብ ላይ ሲጽፍ፣ በየቃሉ መሐል እንደ ዘብ የቆመች፣
ዛሬ ማንም የማይጥላት፣ ከወረቀት የጠፋች።
እኔም ከመስመሩ ጫፍ ረሳኋት፤
ማሽኑ ሦስት ሌሊት እንቢ አለኝ፣ በቀይ እየጻፈ፦ ስሕተት፣ ስሕተት፣ ስሕተት።
አገኘኋት። ጣልኋት።
ሠራ።

ከዚያ መዝገቡን ወደ ሠንጠረዥ፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ቀለም፣
ቀን፣ ታንኳ፣ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ፣ ኪሎ በኪሎ ስለቅም
ዓሣ ዓሣ ሸተተ የላፕቶፑ ቁልፍ ሳይቀር በመጨረሻም።

ዘጠኙን ዓመት አስጠናሁት፤ ሦስቱን ለፈተና ደበቅሁ።
ባጠናው ላይ አንድም አልሳተም፤ ኮራሁ፤ ቢሮውን ሻይ ጋበዝሁ።
የደበቅሁትን ስሰጠው ግን፣ ለአምባዛ ሁለት መቶ ኪሎ፣ ለቀረሶ ከዜሮ በታች!
«ሸምድዶ ነው፣ አልገባውም» አለ ቢያድግልኝ፤ ቃሉ ሆዴ ውስጥ ቀረች።
ሚኒስትሪን እኔም እንዲሁ ነበር የወደቅሁ።

ቀለል አደረግሁት፤ ጥቂት እንዲይዝ፣ ብዙ እንዲገምት።
ለነሐሴ አጋማሽ «ቢልጫ አርባ ኪሎ» አለ፣ ሲደመር ሲቀነስ አምስት።
ለአያ ዳምጤ አነበብሁለት፣ ደንገል እየጠፈረ፤
ቀና እንኳ ሳይል፣ ለታንኳው የሚያወራ ይመስል፣ ተናገረ፦
«ቢልጫ በነሐሴ? ጉማራ ወጥታለች፣ ልትወልድ፤
ይህን ያልነገርሽው ማሽን ምኑን ይፍረድ?»
አንድ ዓምድ ጨመርሁ፤ ስሟን «ጉማራ» አልኋት፤ መልሷ አንድ ወይ ዜሮ፤
ስሕተቱ በእኩሌታ ወረደ። መብራትም ሄደ፣ አብሮ።

የቀረው ኅዳር ነው። ስድስት ረድፍ፣ አንድም ቁጥር የሌለበት።
የትምህርቱ መልስ አጭር ነው፦ ሰርዘው፣ አለዚያ አማካዩን ሙላበት።
አማካዩ ዐሥራ አራት ኪሎ ነበር። ልጽፍ ጣቴን አነሣሁ፤
ግን አባቴ ቀኑን ጽፎ፣ መስመሩን አስምሮ፣
ለምን ዝም አለ?
አያ ዳምጤን ጠራሁ።

መዝገብ አያነብም። ቀኑን ነገርሁት።
ወደ ውኃው ዞረ፤ ገመዱን ከእጁ ለቀቀው፤ ጥቂት ጠበቅሁት።
«እንድሪስ የቀረበት ሳምንት ነው። ታንኳው ብቻውን መጣ።
ስድስት ቀን ፈለግነው፤ መረብ ይዞ ማንም አልወጣ።
አባትሽ ሚዛኑን በጋቢው ሸፈነው፤
ሲመሽ ይመጣና ይጽፍ ነበር፣ ቀኑን ብቻ፣ ሌላ ምን አለው።»

ታዲያ ምን ልሙላ?
ዜሮ፣ ጥሎ ላጣ ነው፤ እነሱ አልጣሉም።
ዐሥራ አራት ኪሎ ዓሣ፣ ሰው በሚፈለግበት ውኃ ላይ አይመዘንም።
ብሰርዘው ደግሞ፣ ሳምንቱ አልነበረም ማለቴ ነው።
ነበረ።

ባዶውን በባዶነቱ ተውሁት። ከኮዱ ራስ ላይ መሰላሏን አቆምሁ፤
ማሽን ከመሰላል ወዲያ ያለውን አያነብም፤ ያ ለሰው ነው። ጻፍሁ፦
እንድሪስ፡ስድስት፡ቀን፡ተፈለገ፡
በአባቴ ሁለት ነጥብ፣ ቃልን ከቃል እየለየሁ።

ዛሬ ማለዳ «ሠላሳ አንድ ኪሎ» አለ፣ የኔ ጀማሪ ነቢይ።
ሚዛኑ ሃያ ሰባት ላይ ቆመ።
«አራቱስ?» አልሁ፣ ለራሴ ያህል።
አያ ዳምጤ መረቡን እያራገፈ ሰምቶኝ ኖሮ፦
«አራቱማ ገና እየዋኙ ነው» አለ።